ለክፉ ቀን የተቀመጠች ስህተት

ፒዛ ሲሸተኝ መንገድ እቀይራለሁ። ባለቤቴ መስፍን፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቀው ሰውዬ፣ እንግዳ በተቀመጠበት "የኔ ሚስት አንበሳ አትፈራም፤ ቺዝ ነው የምትፈራው" እያለ ያሾፍብኛል። ይሳቅ፤ ሳቅ ለጤና ጥሩ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ለሌላው ሰው ተረት ነው። እኔ ግን የፈራሁት ነገር በካርቶን ታሽጎ፣ ትኩስ እንደሆነ፣ ሳን ሆዜ ድረስ ሲመጣልኝ አይቻለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ልጄ ሶልያና ከሥራ ገብታ ራት ቀርበን ነበር። እሷ የቪዲዮ ጌም ፕሮግራመር ናት። ከኮሌጅ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያው ስቱዲዮዋ ተዘጋ፣ ሁለተኛው ተሸጠ፤ አሁን ኦክላንድ መሀል ከተማ አንድ ፎቅ ላይ ትሠራለች። አማርኛ ሲወራ አንድም አያመልጣትም፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ የተቀላቀለ ነው። ስታሾፍብኝ ብቻ ጥርት ያለ አማርኛዋ ይመጣል።

"ማሚ፣ ነገ ምሳ እንዳትቋጥሪልኝ። ኦፊስ ላንች ያመጡልናል" አለችኝ።

"የምን ላንች? ማን ደግሶ ነው?"

"አይ ዶንት ኖ። ጀስት ቢኮዝ። ዝም ብለው ነው።"

የጠቀለልኩትን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ዝም ብሎ የሚያበላ አሠሪ እስከዛሬ አላየሁም አልኳት። ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ እየሳቀች፣ "ማሚዬ፣ አትፍሪ! ፒዛ አይደለም፣ ታኮ ነው" አለችኝ በአማርኛ። አባቷም አብሯት ሳቀ። እሷ ታሪኩን ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን ሰምታ አታውቅም። ሳህኔን ገፋ አድርጌ፣ በሉ እንግዲያው ስሙ ብዬ ጀመርኩላት።

እሷን ያረገዝኩ ጊዜ ነው። ያኔ ከዚህ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ እየተመላለስኩ አንድ የጌም ስቱዲዮ ውስጥ እሠራ ነበር። ስቱዲዮው ሚልፒታስ የምትባለውን ከተማ አለፍ ብሎ ባለ ዝቅ ያለ ግራጫ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ዳር ባሕር ዛፍ ተደርድሯል። ክረምታቸው ዝናብ ነውና ጠዋት ጠዋት ያ የረጠበ ቅጠል ሽታ ይቀበለኛል። ኮረብታዎቹ በዝናቡ አረንጓዴ ይሆናሉ። በዚያ ውበት መሀል አልፌ በሩ ጋ ስደርስ እርምጃዬን እቀንሳለሁ፣ ምክንያቱም በሩ የሚከፈተው በባጅ፣ በሠራተኛ መታወቂያ ካርድ ነው። ባጅሽን ታስጠጊያለሽ፤ አረንጓዴ መብራት ከበራ ዛሬም ሠራተኛ ነሽ፤ ቀይ ከበራ ትላንት አልቆልሻል ማለት ነው። ማንም ደውሎ አይነግርሽም። እኔ ያቺ አረንጓዴ ብልጭ እስክትል ትንፋሼን ይዤ፣ በልቤ ኪዳነ ምሕረትን እየጠራሁ ነበር የምቆመው።

ሥራዬ ፈታሽነት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "ጌም እየተጫወቱ ደሞዝ!" ይለኛል። ኧረ እባካችሁ! ቀኑን ሙሉ አንድን ግድግዳ መግፋት ጨዋታ ከተባለ፣ አዎ፣ እጫወት ነበር። ጌሙ ፋኖስ ይዛ ውሃ ባጥለቀለቀው ከተማ ውስጥ ስለምትሄድ ልጅ ነው። እኔ ያቺን ምስኪን ልጅ በየግድግዳው እያጋጨሁ፣ በየደረጃው እየጣልኩ፣ የት ጋ ዓለሙ እንደሚበሳና እንደምትሰምጥ እፈልጋለሁ። ስህተት ሳገኝ የት እንደነበርኩ፣ ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንደሆነ ጽፌ እልካለሁ። ባግ ይሉታል። ለመጀመሪያው ሳምንት ያዝናናል። ከዚያ በኋላ ዓይንሽን ስትጨፍኚ የሚታይሽ ግድግዳ ብቻ ነው።

መስኮቶቹ ስክሪኑ ላይ ብርሃን እንዳይወድቅ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል፤ ውጭ ዘነበ፣ ጠራ፣ አናውቅም። ጌሙ ሊወጣ ሲቃረብ ቅዳሜም እሁድም ሥራ ነው። ግዴታ ነው ያለን የለም፤ ግን ቅዳሜ የቀረ ሰው ሰኞ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ደግሞ ሌላ ይቀመጥበታል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልለምድለት የሄደው ሰው ብዛቱ! ሁላችንም የምንጠራራው በመጀመሪያ ስም ነው፤ ባጁም ላይ ያለው እሱ ብቻ። እኔ ትዕግስት መባሌ ቀርቶ ቲጂ ሆኜ ነበር።

ራሞን አጠገቤ የሚቀመጥ ፊሊፒኖ ነው። ከኔ በዕድሜ በጣም ይበልጣል፤ የሠራባቸው ስቱዲዮዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ምሳውን መኪናው ውስጥ ነው የሚበላው። ሩዙ ላይ የደረቀ ዓሣ አለበትና ሽታው ሰው እንዳያስቸግር ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ይሉኝታ ያለው ሰው ፈረንጅ አገር አይቼ ስለማላውቅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደድኩት። የቤቱን ሕግ ያስተማረኝም እሱ ነው።

"ቲጂ፣ ያላዘዝነው ፒዛ ከመጣ፣ ያን ቀን ነው" አለኝ።

"የምን ቀን?"

"ሰው የሚባረርበት ቀን። መጀመሪያ ያበሉናል፣ ከዚያ እየጠሩ ያሰናብቱናል። በሠራሁበት ሁሉ እንደዚያ ነው።"

እኛ አገር ለቀስተኛ የሚበላው ከቀብር በኋላ ነው፤ እነዚህ ደግሞ አስቀድመው ያበላሉ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከአፌ አላለፈም።

ሌላም ነገር አስተማረኝ። ከባድ ባግ፣ ማለትም ጌሙ ለገበያ እንዳይወጣ የሚያግድ ስህተት የተገኘ እንደሆነ፣ ያገኘው ሰው አይነካም። ፕሮግራመሮቹ ሲያስተካክሉት ዳግመኛ አይቶ "አዎ፣ ጠፍቷል" ብሎ መመስከር ያለበት እሱ ነውና። ይህን የሚያውቅ ፈታሽ ሁሉ ታዲያ አንድ ከባድ ባግ ሲያገኝ አይልክም። አፉን ይዘጋና ለክፉ ቀን ያስቀምጣታል። ሰው እህል በጎተራ እንደሚያኖር እነሱ ስህተት ያኖራሉ። ማንም ለማንም አይናገርም፣ ግን ሁሉም አለው። እኔ ብቻ ነበርኩ የሌለኝ። የማገኘው ሁሉ ጥቃቅን ነው፤ ግማሹ የተንጋደደ ወንበር፣ ግማሹ አየር ላይ የቀረ ድንጋይ።

ለምን ያን ያህል ትፈሪያለሽ፣ ሌላ ሥራ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከሶልያና በፊት አንድ ልጅ በስድስተኛ ወሩ ከሆዴ ወጥቶብኛል። በሁለተኛው ሳረግዝ በርክሌ ያገኘሁዋት ሐኪም የማህፀኔን አፍ ሰፋችልኝና፣ "ያለኔ ክትትል አንድ ሳምንት እንዳታልፊ፤ ስትወልጂም እዚሁ ሆስፒታል ነው" አለችኝ። የእሷን ክፍያ የሚሸፍነው የስቱዲዮው ኢንሹራንስ ብቻ ነው። መስፍን ታክሲ ነጂ ነው፣ የራሱ ኢንሹራንስ የለውም። የመንግሥቱን እንዳናገኝ ገቢያችን በለጠ፤ ከኪሳችን እንዳንገዛ ደግሞ አነሰ። ስለዚህ ያ ቀይ መብራት በርቶ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ብቻ አልነበረም የሚሄደው። ልጄ ናት የምትሄደው።

ማርገዜን ለማንም አልተናገርኩም። ስቱዲዮው በነጻ ያደለን አንድ ሰፊ ሁዲ፣ ባለ ቆብ ሹራብ፣ አለ፤ እሱን አጥልቄ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ማቅለሽለሹ ሲመጣ ቆሎ ነገር አፌ ውስጥ አደርጋለሁ። እርጉዝ መሆኗ ከታወቀ መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ናት የሚል ፍርሃት ውስጤ ገብቶ፣ ባኞ ቤት ስሄድ እንኳ ሰው እንዳይቆጥርብኝ እሰጋ ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ አክስቴ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ሊያርሱኝ ብለው ቀድመው ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ጽንሱ ከጸናልሽ ብለው ለኪዳነ ምሕረት ተስለው ኖሮ፣ የየካቲቷ ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ ኮባ አምጡ አሉ። ኦክላንድ ቻይና ሰፈር የሙዝ ቅጠል ተገኘላቸው፤ ጥቁር አዝሙድ ነስንሰው በዚያች ጠባብ የአፓርታማ ኦቭን ውስጥ ድፎ ጋገሩ። አንዱን ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዱን ለኔ።

"ይሄን ለአለቆችሽ አቅምሺያቸው" አሉኝ። "የእመቤቴን ዝክር የቀመሰ ሰው አይጨክንብሽም።"

"እትዬ፣ እዚያ እኮ እንደዚህ አይደረግም።"

"ምን አይደረግም? ሆድ የሌለው ሰው አለ? ስለት ነው፣ አንቺ ልጅ! ስለት ይመለሳል ወይ?"

ስለት ተብሎ ማን እምቢ ይላል። መስፍን በጠዋት ሲያደርሰኝ ዳቦው ጭኔ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ሆዴን ሲነካው ልጅቷ ውስጤ ተገላበጠች። ቢሮ ስገባ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቆራርጬ፣ ናፕኪን አጠገቡ አድርጌ፣ ማንም ሳያየኝ ወንበሬ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አቤት ሞኝነት! የሚያስፈራው ፒዛ ነው እንጂ ድፎ ዳቦን ማን ይፈራል ብዬ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ ጸጥ አለ። ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፤ የኪቦርድ ድምፅ ብቻ፣ እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ የእናቷን ፎቶ ከጠረጴዛዋ ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየሁ። ታለቅሳለች። ጄሰን የሚባል ጎረምሳ ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ "ኩሽናው ውስጥ ምግብ ተቀምጧል። ማንም አላዘዘም" አለኝ።

መጣ በቃ፣ አልኩ። ፒዛው መጣ። ወደ ኩሽና የሄድኩት አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ነው። በሩ ላይ ሆኜ አጮልቄ ሳይ ፒዛ የለም። ያለው የእትዬ ዘነቡ ዳቦ ነው፤ አንድ ቁራሽ እንኳ አልተነካም።

በስመ አብ ወወልድ! ሰው ሁሉ በኔ ዳቦ ነው የሚያለቅሰው!

አለቃችን ሊንዳ በዚህ መሀል ትልልቆቹ ዘንድ ሄዳ ጠይቃ፣ እነሱም አላዘዝንም ብለዋት ኖሮ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። "ማን ነው ይሄን ያስቀመጠው?" አለች። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እጄን ከፍ አደረግሁ። "እኔ ነኝ። ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን በዓል ነው። አክስቴ ናት የጋገረችው።" ከዚያ ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ልጅ ሳቅ ፈነዳባት፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ከአንዲት ቁራሽ በቀር ዳቦው ሁሉ ተበላ።

ግን የሆነው ሆኖ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ኪቦርድ ሲንጫጫ እያንዳንዱ ለክፉ ቀን ያስቀመጣትን ባግ እያወጣ መላኩ ነው! ከላከ ወዲያ መመለስ የለም። የላይኞቹ በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ከባድ ስህተት መገኘቱ ገርሟቸው፣ "እንዲህ ያለ ትጋት አይተን አናውቅም" የሚል የምስጋና መልእክት ላኩልን። ጌሙ ለጥቂት ሳምንት ተራዘመ። ጄሰን አኩርፎኝ ከረመ፤ "ያ ዳቦሽ ጎተራዬን አስጨረሰኝ" ይለኝ ነበር፣ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ ከምሩ።

ራሞን ያን ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልፏል። ጄሰን ከነኩርፊያው የተረፈችውን ቁራሽ ሰጠው። ቀመሳት፣ አኘካት፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በእኛም አገር ለቅዱሳን ቀን ይጋገራል" አለኝ። "ስለት ነው፣ አይደል?" ዓይኑ ወደ ሁዲዬ ወረድ ብሎ ተመለሰ። ደነገጥኩ። አፌን ስከፍት እጁን አወዛወዘ። "ምንም አላየሁም" አለና ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። ብቻ ከባድ ዕቃ ላነሳ ስል ቀድሞ ያነሳልኛል።

እውነተኛው ቀን የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። እርግዝናዬ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። የተላኩት ባጎች ሁሉ ተስተካክለዋል፤ የሁሉም ጎተራ ባዶ ነው። ከረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና የፒዛ ሽታ ገባ። ከሰው በፊት ሽታው ነው የገባው፤ የቀለጠ ቺዝና የሞቀ ካርቶን። ማንም ቀና አላለም። ሊንዳ ከስብሰባ ክፍሉ ወጣችና አንድ ስም ጠራች። ልጁ ተነሳ፣ ገባ፣ ሲወጣ ጥበቃው አጠገቡ ነው። ሌላ ስም። ሌላ።

ልጅቷ መንቀሳቀስ ያቆመች መሰለኝ። እግዚኦ፣ ይቺንም ልትወስዳት ነው ወይ እላለሁ በልቤ፤ ስፌቱ ይታየኛል፣ ሐኪሟ ትታየኛለች፣ ያ የመጀመሪያው ልጅ የወጣበት ክፍል ይታየኛል። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ምንም አላይም።

"ቲጂ፣ ጌሙን ክፈቺ" አለኝ ራሞን፣ ፊቱን ሳያዞር።

"አሁን?"

"አሁን። ድልድዩ ጋ ሂጂ። ፋኖሱን አውጪ። ካርታውን ክፈቺና ሳትዘጊው ተሻገሪ።"

ያለኝን አደረግሁ። ባለ ፋኖሷ ልጅ ድልድዩ መሀል ስትደርስ ስክሪኑ ጨለመ። ተመልሶ ሲበራ ሁሉም ነገር ጠፍቷል። ተጫዋቹ ለሳምንታት የደከመበት ተጠርጎ፣ ጌሙ ገና እንደተገዛ ሆኖ ቆመ። ይቺን ይዞ ጌም የሚያወጣ ኩባንያ የለም። የራሞን ጎተራ ይቺ ነበረች፤ የዳቦው ቀን ስለዘገየ ሳይልካት የቀረች።

"ጻፊያት" አለኝ።

"ራሞን፣ ይቺ እኮ ያንተ ናት! ልጆች አሉህ!"

"ልጆቼ ተወልደዋል። ጻፊ።"

ጻፍኩ። ፊደሉ ይምታታብኛል፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። ሊንዳ በመደዳው እየመጣች ነው፤ ጫማዋ ይሰማኛል። ስሜን እስክትጠራ አልጠበቅሁም፣ ላክ የምትለውን ቁልፍ ተጫንኩ። አጠገቤ ደርሳ ቆመች። "ቲጂ..." ብላ ጀመረችና ስክሪኑን አየች። አነበበችው። እኔን አየችኝ፣ ራሞንን አየችው፣ ደግማ አነበበችው። አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ስትወጣ የጠራችው ራሞንን ነው።

ጃኬቱንና የምሳ ዕቃውን አነሳ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ለአክስትሽ ዳቦው ጥሩ ነበር በያቸው" አለኝና ሄደ። ተነስቼ ላቅፈው ይገባኝ ነበር፤ አልተነሳሁም። እሱ ያችን ባግ ለራሱ ልኳት ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። እኔስ ያን ቀን ስሜ ነበረበት? ይመስለኛል። ሊንዳ ብቻ ናት የምታውቀው።

ባጓ ሥር የሰደደች ሆና እስክትስተካከል ብዙ ፈጀች። እኔ እየፈተሽኩ "ገና ናት" እላለሁ፤ ደግሞም ገና ነበረች። ሶልያና በርክሌ፣ በዚያችው ሐኪም እጅ፣ ሳንባዋ እስኪቀደድ እየጮኸች ተወለደች። ገና ከአልጋ ሳልወርድ ከስቱዲዮው ተደውሎ ስለ አገልግሎቴ ተመሰገንኩ፤ አለቀ ማለት ነው። ግድም አልሰጠኝ።

እትዬ ዘነቡ ነገሩን ስነግራቸው፣ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" ብለው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ "የክርስትና ስሙ ማን ነው? በጸሎት ላነሳው" አሉኝ።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"እሺ፣ የአባቱስ ስም?"

እሱንም አላውቀውም አልኳቸው።

"አብረሽው ከርመሽ? የአባቱን ስም የማታውቂው ሰው ነው ልጅሽን ያተረፈልሽ?"

ልጠይቅ ስቱዲዮው ደወልኩ። ሊንዳም ተባርራለች፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ አዲስ ናት፣ ራሞን የሚባል ሰምታ አታውቅም። ቆይቶ ስቱዲዮው ራሱ ተዘጋ። ኢንተርኔት ላይ ስንቱን ራሞን አየሁት መሰላችሁ! የኔን አላገኘሁትም። እትዬ እስኪያርፉ ድረስ "ያንን የአባቱን ስም የማናውቀውን" እያሉ ነበር የሚጸልዩለት።

ሶልያና እስክጨርስ አዳመጠችኝ። እኔም የልቤን ጠየቅኋት፤ "አንቺስ ለክፉ ቀን ያስቀመጥሽው ነገር አለ?"

"ማሚ፣ አሁን እንደዚያ የለም። ማሽን ነው ሁሉንም ቴስት የሚያደርገው። ኖባዲ ካን ሃይድ ኤኒቲንግ፤ የሚደበቅ ነገር የለም" አለችኝ። አባቷ ሊያሾፍ ከጅሎ ተወው።

በማግስቱ ሐሙስ ምንም ሥራ አልያዘልኝም። አንዱን ዕቃ ሁለቴ አጠብኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ፤ ልጄ ናት።

"ማሚ፣ አይ አም ኦኬ። እኔን አልነኩኝም" አለች፤ ግን እያለቀሰች ነው። አጠገቧ የሚቀመጠው ማርከስ፣ ስትገባ ሥራውን ሁሉ ያሳያት ልጅ፣ ተጠርቶ ገባ፣ ወጣ። ብዙ ሰው ሄዷል። የተረፈ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ እኔ አውቀዋለሁና አታልቅሺ አላልኳትም።

"አሁን የት ነው ልጁ?"

"ዕቃውን ይዞ ኤሌቬተር እየጠበቀ ነው። ጋርዱ አብሮት ቆሟል።"

"የአባቱ ስም ማን ነው?"

"ዋት?"

"ሙሉ ስሙ፣ ሶልዬ! ከነአባቱ! ታውቂዋለሽ?"

"ማርከስ ብቻ ነው የምለው" አለች።

"በይ ሩጪ" አልኳት። "በሩ ሳይዘጋ ሩጪ!"

ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች። ጫማዋ ሲንኳኳ፣ በር ሲበረገድ፣ "ማርከስ! ዌይት!" ስትል ሰማሁ። እኔም እዚህ ኩሽናዬ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣብቄ፣ ያኔ ባጁ በር ላይ እንደነበረው ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።